የማክሰኞ ግስ

ስሜን የጻፍሁት እኔ ለኬክ ዕጣ መስሎኝ፣
መነጽሬን ረስቼ፣ ችኮላዬ አታሎኝ፤
በሦስተኛው ቀን ላይ ቄሱ ደወለልኝ፣
«ፊሎሚና፣ ተማሪሽ መጥታለች» አለኝ።

«የምን ተማሪ?» አልሁ። «ቋንቋ የምትለምድ፣
ከሞንጎሊያ የመጣች፤ የምትሻው መላመድ፣
ከሰው ጋራ መቀመጥ፣ ሻይ አፍልቶ ማውራት፣
ሲመሽም፣ ከተቻለ፣ አብሮ መብላት ራት።»

ኦዩንጌሬል ናት ስሟ። በወጉ ለመጥራት
ሦስት ማክሰኞ ፈጀሁ፣ ምላሴን ስገራት፤
«ኦዩና ይበቃል» አለች እሷ አዝናልኝ፣
እኔ ግን ጎማዳ ስም መቼ ይዋጥልኝ!

የመጀመሪያው ቀን ካፖርቷን ሳታወልቅ
ወንበር ጫፍ ተቀመጠች፣ መዝገበ ቃላቷ እንዳይወድቅ
በጉልበቷ አጥብቃ።
ከመስኮቴ ማዶ ጭጋግ ወደቡን ውጦት፣
የመርከብ ጥሩንባ ይጮሃል፣ መንገዱ ጨንቆት።
«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት ወሬ ለማስጀመር።
«ከሳምንት በፊት» አለች። «ከዚያ በፊት ሣር ነበር።»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እውነቷን ነው ለካ፣
አገሯ በሣር እንጂ በማዕበል አይለካ።

ከዚያ ወዲያ ጥያቄ፦ «ጀልባን "እሷ" ማለት ምንድን ነው?
ዕንጨት አይደለም ወይ? ሚስማርና ቀለም አይደል ያቆመው?
በእኛ ቋንቋ እሱና እሷን የሚለይ ቃል አላውቅም፤
የእናንተው ወደ ጆሮዬ ይገባል፣ ወደ ውስጥ አይጠልቅም።»

እኔ ምን ልመልስ? ሰዋስው መቼ ነካካኝ!
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዓሣ ፋብሪካ ነው የፈጀኝ።
«እንዲህ ስለሆነ ነው፣ እንዲህ የምንለው» አልኋት፤
ይህንኑ ቃሌን ደብተሯ ላይ ስታሰፍር አየኋት፣
እንደ ሕግ አንቀጽ ከሥሩ ሁለቴ አሰምራ፤
የወደድኋት ያኔ ነው፣ አልደብቅም፣ እንዲያ ስትሠራ።

አንዳንዴ ዝም እንላለን። ሹራብ ትሞክራለች፤
ግራኝ ነኝና፣ እንደ እኔው በግራ ትጠመጥማለች።
ጨው የጠጣ ዓሣ ቀቀልሁላት፤ ዋጠችው፣ ዐይኗ እንባ አቅርሮ፤
እሷም የደረቀ እርጎ ሰጠችኝ፣ ጠጠር የሚያህል፣ ከሻንጣዋ ቆንጥሮ።
«አትንከሺው» አለች፤ «አፍሽ ውስጥ አቆይው፣
ራሱ ይለሰልሳል፤ ጊዜ ብቻ ስጪው።»

አንድ የኅዳር ማክሰኞ፣ ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ፣
ድንች ስልጥ ሳለሁ፣ አፌ እንደ ልማዱ ቀሎ፣
«አምብሮዝ» አልኋት፣ «የድንች ሾርባ ይወዳል፤
ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ፣ እሳት እስኪሆን ያነዳል።»
«መቼ ይመጣል?» አለች፤ «ላገኘው እፈልጋለሁ።»
ቢላዬን አስቀመጥሁ። «አይመጣም» አልሁ።
«ጀልባዋ ተመለሰች። እሱ አልተመለሰም።
አሥራ አንድ ዓመቱ።» ከዚያ በላይ ቃሌ አልደረሰም።

ደብተሯን ገለጠች፣ ዘጋች፣ ደግሞ ገለጠች፤
እርሳሷን እንደ ጧፍ በሁለት እጅ ጨበጠች፤
ጆሮዋ ድረስ ቀልታ፦

«ታዲያ... "ይወድ ነበር" ነው? ወይስ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ?»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አላረመኝ፤
እኅቴ ሰማችኝ፣ ቄሱም ሰምቶ አለፈኝ፤
ሁሉም በደግነት ግሴን ጠበቁልኝ፣
ሊሰበር እንደ ደረሰ ብርጭቆ እያዩኝ።
እሷ ግን ዐርብ ጠዋት ፈተና አለባት፤
ያለፈውን ካላለፈው ለይታ መጻፍ ግድ ሆነባት።

«ይወድ ነበር» አልሁ።
ቃሉ እንደዚያ እርጎ አፌ ውስጥ ደንድኖ፤
አልነከስሁትም። ቆየሁ፣
እስኪርስ፣ እስኪላላ፣ የራሴ ምራቅ ሆኖ።

ብዙ ቆይታ፦ «ጀልባዋስ? አሁንም "እሷ" ናት?»
«እሷማ እሷ ናት። ያቻት፣ እታች የታሰረችው ናት።»

ኦዩንጌሬል ሾርባዬን አትወድም፤ ያቃጥላል ትላለች።
ፈተናውንም ወድቃለች።
በስድስት ነጥብ። ሹራቡ ገና አንድ እጅጌ ነው።
ማክሰኞ ማክሰኞ ግን፣ ጭጋግም ቢሆን፣ ትመጣለች።